«ሴት፣ ኦርቶዶክስ፣ ያገራችን ልጅ» ብሎ ደባል መፈለግ ያስከስሳል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ሦስት ሴቶች ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። አንዷ ሥራ ቀይራ ከከተማ ወጣች። የቀሩት ሁለቱ ኪራዩን ብቻቸውን አይችሉትም፤ ስለዚህ አንደኛዋ ቴሌግራም ላይ «ሴት፣ ኦርቶዶክስ፣ ያገራችን ልጅ ብትሆን ይመረጣል» ብላ ለጠፈች፤ የአገሩንም ስም ጻፈች። ከሥሩ አንድ ሰው «ይሄ መድልዎ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ይከለክላል፣ ትከሰሳላችሁ» አላቸው። ጠያቂዋ ማወቅ የሚፈልጉት በእርግጥ ያስከስስ እንደሆነ፣ ደግሞስ ሕግ እዚህ ድረስ ሊገባ ይገባው እንደሆነ ነው።

ከመጨረሻው ልጀምርልዎት። ከማን ጋር አንድ መታጠቢያ ቤትና አንድ ማድቤት እንደሚጋሩ የመምረጥ ነፃነትዎን የሚነጥቅ ሕግ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ ቢወጣም አልደግፈውም። ማስታወቂያው ግን ከቤቱ ወጥቶ አደባባይ ላይ የተነበበ ነገር ነው፤ የሚመዘነውም በሌላ ሚዛን ነው። ከሦስቱ መስፈርቶች «ሴት» የሚለው ምንም አይወጣለትም። «ኦርቶዶክስ» የሚለው ሕገ ወጥ ባይሆንም የሚፈልጉትን ነገር አያመጣልዎትም፤ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ። የአገሩን ስም ግን ዛሬውኑ ያጥፉት።

አስተያየት የሰጠው ሰው በአእምሮው የያዘው የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ይመስለኛል። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ በዘር፣ በብሔር፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በሀብት፣ በትውልድና በመሳሰሉት ልዩነት ሳይደረግበት የሕግ ጥበቃ የማግኘት መብት እንዳለው የሚደነግገው ነው። ክርክሩ ያለው ግዴታው የማን ነው በሚለው ላይ ነው። አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 1 የመብቶቹን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት የሚጭነው በሕግ አውጪው፣ በአስፈጻሚውና በዳኝነት አካሉ ላይ ነው። በሌላ በኩል አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 2 ማንኛውም ዜጋ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ የመሆን ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ «ሕገ መንግሥቱ ግለሰብን አይመለከትም» ብሎ መዝጋትም፣ «ደባል አልሆንም ያለችኝን በአንቀጽ 25 እከሳታለሁ» ማለትም ሁለቱም ችኮላ ናቸው። ለክስ የሚያስፈልገው ማን ምን እንዳይፈጽም እንደተከለከለና ቢፈጽም ምን እንደሚከተል የሚናገር ዝርዝር ሕግ ነው። ለሥራ ቅጥር እንዲህ ያለ ሕግ አለን፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 አሠሪው በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ ኤድስ፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ በግልጽ ይከለክላል። ለደባል ምርጫ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም። ያው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና መኖሪያ ቤትን ያስከብራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉም ውል የሚቆመው በተዋዋዮች ፈቃድ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ከእርስዎ ጋር ካልኖርኩ ብሎ ሊያስገድድዎት አይችልም።

ብዙ ሰው የሚያነሳው አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ትኩረቱ ሌላ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን፣ የኪራይ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ እንዲሆን የሚያዝ ነው። ለእናንተ ግን በተዘዋዋሪ ይመለከታችኋል። የሁለት ዓመት ውል ማለት ደባል መምረጥ ለሁለት ዓመት የሚያስተሳስር ምርጫ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት፣ ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት የሆነ አንድ አንቀጽ አለ፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1896። ባለዕዳዎች ብዙ ሲሆኑ፣ በውላቸው ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ለዕዳው በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው ይላል። ወደ ልደታው ቤት እናምጣው። ኪራዩ 24,000 ብር ነው እንበል። ሦስታችሁም በኪራይ ውሉ ላይ ፈርማችኋል። አንደኛዋ ሁለት ወር ሳትከፍል ብትጠፋ አከራዩ «የእኔን ድርሻማ ከፍያለሁ» የሚለውን መልስ የመስማት ግዴታ የለባቸውም፤ ሙሉውን ከአንዳችሁ፣ ከመረጡት ሰው፣ ሊጠይቁ ይችላሉ። እርስዎ ከፍለው ሲያበቁ የጠፋችውን ፈልገው በድርሻዋ ይጠይቃሉ። እንግዲህ ደባልዎ ሳታውቀው የእርስዎ ዋስ ናት፤ እርስዎም የእርሷ። ሕጉ በዚህ መጠን በዕዳ ካስተሳሰረን በኋላ፣ የምንታሰርለትን ሰው የመምረጥ መብት ሊነፍገን አይገባም። የመኝታ ልብስ፣ የመታጠቢያ ተራና የሌሊት በር ነገር ሲጨመርበት ክርክሩ ይበልጥ ይጠነክራል።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል (ስለ ውጭ አገር ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ስታወጣ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትን፣ ከአራት በላይ መኖሪያ የሌለውን ቤት ከአብዛኛው ክልከላ ውጭ አድርጋለች። ሕግ አዋቂዎች «የወይዘሮ መርፊ ነፃነት» ይሉታል፤ ራሳቸው ከሚኖሩበት ቤት ላይ ክፍል የሚያከራዩ አንዲት ምስኪን ባልቴት ታስበው የተቀመጠ ነው። ልብ የሚባለው ግን ወይዘሮ መርፊ መምረጥ ቢችሉም «እንዲህ ያለ ዘር አልፈልግም» ብለው ማስታወቂያ ማውጣት አይፈቀድላቸውም፤ የማስታወቂያው ክልከላ እርሳቸውንም ይይዛል። ከዚያም ሩምሜትስ ዶት ኮም የተባለው ደባል አገናኝ ድረ ገጽ ተጠቃሚዎቹን ፆታቸውን፣ የፆታ ዝንባሌያቸውንና ልጅ እንዳላቸው በግዴታ ያስሞላ ነበርና ተከሰሰ። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2008 ድረ ገጹ መጠይቁን ራሱ ስላዘጋጀ «እኔ የሌሎችን ጽሑፍ ብቻ ነው የማሳየው» ብሎ ከተጠያቂነት አያመልጥም አለ። ያው ፍርድ ቤት በ2012 ደግሞ ነገሩን ከሥሩ አየውና ሕጉ የሚገዛው ራሱን የቻለ መኖሪያን እንጂ በአንድ መኖሪያ ውስጥ ያለን መጋራት አይደለም፣ ስለዚህ ደባል መምረጥ ከነጭራሹ በሕጉ አይገዛም ሲል ወሰነ። መኖሪያ ቤት የግል ሕይወት የመጨረሻው መሸሸጊያ ነው የሚለው ሐሳብ ለውሳኔው ዋና መሠረት ነበር።

እንግሊዝ መስመሩን በሌላ ቦታ አሰመረችው። በ2010 በወጣው የእኩልነት ሕግ መሠረት አከራዩ ወይም ዘመዱ አብሮ በሚኖርበትና በሚጋራበት ትንሽ ቤት ብዙው ክልከላ ይነሳል፤ ዘር ግን አይነሳም። ማለትም በሃይማኖትም በፆታም መምረጥ ይቻላል፣ በዘር ግን በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥም አይቻልም። ጀርመኖች በ2006ቱ ሕጋቸው በተዋዋዮቹ መካከል የተለየ ቅርበት ወይም መተማመን ሲኖር ሕጉ እንዳይሠራ አድርገዋል፤ በአንድ ግቢ መኖርንም በምሳሌነት ጠቅሰውታል። ደቡብ አፍሪካ ግን በሕገ መንግሥቷም በ2000 ባወጣችው የእኩልነት ሕግም መንግሥትንና ማንኛውንም ሰው አንድ ላይ ጠቅልላ ነው «አላግባብ አታድሉ» የምትለው፤ የዚያን አገር ታሪክ ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ለአዲስ አበባ የሚስማማው የትኛው ነው? የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ምርጫው ነፃ ይሁን፣ ማስታወቂያው ግን ብሔርን አይጥራ። የወይዘሮ መርፊን ሥርዓት ማለቴ ነው። ደባልን በብሔር መምረጥንም እንደ እንግሊዝ እንከልክል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። መከልከሉ ሳይሆን ማስፈጸሙ ነው የማይታየኝ። አምስት ሴቶች ቤቱን አይተው አንዷ ተመረጠች፤ አራቱ ያልተመረጡበትን ምክንያት የትኛው ዳኛ ሊያጣራው ነው? ጓዳ ድረስ የሚገባ ሕግ ደግሞ ፖሊስንም ይዞ ይገባል፤ በዚህ ከተማ ቤት መፈተሽ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ ነፃነት ግን ቤቱን የሚጋራው ሰው ነፃነት ነው። አከራይ ሊዋሰው አይችልም። ራሳቸውን ችለው በሌላ ሰፈር እየኖሩ ኮንዶሚኒየማቸውን የሚያከራዩ ሰው «የእነ እገሌን ልጅ አላስገባም» ሲሉ የሚጠብቁት ጓዳ የላቸውም። ለዚህ ግልጽ ክልከላ ሊወጣ ይገባል፤ መንግሥትም ዕዳ አለበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቀበለችው ማንኛውንም ዓይነት የዘር መድልዎ የሚያስወግደው ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 2 መንግሥታት በማንኛውም ግለሰብ፣ ቡድን ወይም ድርጅት የሚፈጸምን መድልዎ እንዲከለክሉና እንዲያስቆሙ፣ በአንቀጽ 5 ደግሞ የመኖሪያ ቤት መብትን በእኩልነት እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ያጸደቅናቸውን ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል አድርጓቸዋል።

ደላላውም እንደዚሁ። ስልክ ሲያነሳ ከበጀት በፊት «የት አገር ሰው ነሽ?» የሚል ደላላ አለ፤ ሲጠየቅ «እኔ ምን ላድርግ፣ አከራይዋ ናቸው» ይላል። ኮሚሽን ተቀብሎ የሚሠራ ሰው ምርጫው የግል ሕይወቱ አይደለም። ቅጽ አስሞልቶ ብሔርና ሃይማኖት የሚመዘግብ አገናኝ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ጋር መድቦታልና ከወዲሁ ቢጠነቀቅ ይሻለዋል። አንድ ቤት ተከራይቶ ስድስት ሰባት ተደራራቢ አልጋ አስገብቶ በአልጋ የሚያከራየውም ነጋዴ ነው፤ «ደባሎቼ ናቸው» ቢልም እዚያ አያድርም።

ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት መሐል ላይ ይወድቃል። ቀበናና ገዳም ሰፈር አካባቢ ባሉ የቆዩ ግቢዎች አከራይና ተከራይ አንድ የግቢ በር፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንዳንዴም አንድ መጸዳጃ ይጋራሉ። መለኪያዬ ሁለት ነው፦ መጸዳጃውና ማድቤቱ የጋራ ነው ወይ? ስንት ክፍል ነው የሚከራየው? አንዲት ክፍል አከራይተው መጸዳጃ የሚጋሩ እናት እንደ ደባል ሊታዩ ይገባል። ስምንት ሰርቪስ ደርድረው እያንዳንዱ የራሱ በርና ሽንት ቤት ካለው ያ ንግድ ነው።

ወደ ማስታወቂያዎ ልመለስ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ በሰው ወይም በቡድን ላይ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። «ያገራችን ልጅ ብትሆን ይመረጣል» የሚለው ብቻውን በዚህ ያስቀጣል ብዬ አላስፈራራዎትም፤ የናፍቆትና የቋንቋ ነገር ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። «የእነ እገሌ ዘር አትምጣ» የሚለው ግን ወደ አዋጁ ትርጉም በጣም የቀረበ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ አንድ የተናደደ አስተያየት ሰጪና አንድ ስክሪን ሾት ነው። ጽሑፉ ከነስልክ ቁጥርዎ ከቡድን ቡድን ይዞራል። ማስታወቂያዎ ስንት ሰው ጋ እንደሚደርስ እርስዎ አይወስኑም።

አሁን «ኦርቶዶክስ» የሚለው ለምን እንደማይጠቅምዎ። ሃይማኖት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው፤ ማድቤቱን። የእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው የማይበላ በመሆኑ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ሥጋ ከየትኛው ሉካንዳ እንደመጣ፣ በየትኛው ቢላ እንደተከተፈ፣ በየትኛው ድስት እንደተሠራ ጉዳይ ይሆናል። በጾም ደግሞ ቅቤ የነካው መጥበሻ ሽሮ ሊሠራበት አይችልም። ይህ እውነተኛ፣ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን ሃይማኖቷን በመጠየቅ አይፈታም። ኦርቶዶክስ ሆና ረቡዕና ዓርብን የማትጾም፣ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ በእንቁላል ጥብስ ሽታ የምታሳልፍ ሴት ልታገኙ ትችላላችሁ፤ እናንተም «ኦርቶዶክስ ብለን ነበር እኮ» ትላላችሁ። በአንጻሩ አንዲት ሙስሊም ሥጋ ውጭ እየበላች ቤት አትክልት ብቻ ልትሠራ ትችላለች፤ ከዚህች ጋር በማድቤት የሚያጣላ ነገር አይኖርም። የእምነት ስም የሰውን ልማድ አይነግርም።

ልማዱን ጠይቁ፣ ዕቃውንም ለዩ። አንድ ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ቢላና አንድ መክተፊያ ለጾም ብቻ ይሁን፤ እጀታው ላይ ቀለም ያለው ፕላስተር ይጠቅለልበት፤ የተለያየ ማንጠልጠያ ላይ ይዋል። ፍሪጁ ሦስት መደርደሪያ ካለው ለእያንዳንዷ አንዳንድ፤ ሥጋ ሁልጊዜ ክዳን ባለው ዕቃ በታችኛው መደርደሪያ ይቀመጥ፣ ደም እንዳይንጠባጠብ። ስፖንጁም ሁለት ይሁን። ሰዎች ድስቱን ይለዩና ስፖንጁን ይረሱታል፤ ጠቡ የሚነሳው በስፖንጁ ነው። አልኮልና የአሳማ ሥጋ ቤት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን። የጸሎት ነገርም በሰዓትና በድምፅ መጠን ይነገር፦ ለሱብሂ ሌሊት የምትነሳ፣ በስፒከር መዝሙር የምትከፍት፣ የጸሎት ቡድን ሳሎን የምታስገባ፣ ሰኞ ጠዋት ዕጣን የምታጨስ፤ ሁሉም በየራሳቸው ችግር ሊሆኑም ላይሆኑም ይችላሉ።

ማስታወቂያው እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ሁለት ሠራተኛ ሴቶች ሦስተኛ ሴት ደባል እንፈልጋለን። ክፍሉ ለብቻ ነው፤ ወርሃዊ ድርሻ 9,000 ብር፣ ውሃና መብራት ለሦስት ይካፈላል። ቤት ውስጥ ሲጋራና ጫት የለም። በጾም ቀናት የጾም ዕቃ ለብቻ ነው። ወንድ እንግዳ ሳሎን ድረስ፣ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት። የሥራ ቦታዎን፣ የሚገቡበትንና የሚወጡበትን ሰዓት ጽፈው ያናግሩን።»

ሊፍት የለውም የሚለውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። አካል ጉዳት ያለባት ሰው ቤቱ ይመቻት አይመቻት እንደሆነ ራሷ ትወስናለች፤ «ጤነኛ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ስለ ደረጃው ምንም ሳይናገር ሰው ያስቀይማል።

9,000 ከየት መጣ? 24,000ውን ለሁለት ይክፈሉት። 12,000ው የሳሎን፣ የማድቤትና የመታጠቢያ ቤት ነው ብለው ለሦስት ያካፍሉ፤ ለእያንዳንዷ 4,000። የቀረው 12,000 የመኝታ ክፍሎቹ ነው፤ ለትልቁ ክፍል 7,000፣ ለትንሹ 5,000 ይመድቡ። ትልቁን የሚጋሩት ሁለቱ 3,500 ሲጨምሩ 7,500 ይሆናሉ፣ ትንሹን ለብቻዋ የያዘችው 9,000። ድምሩ 24,000። ለሦስት እኩል 8,000 ማለት ቀላል ነው፤ ግን ክፍል የምትጋራው ሴት በሦስተኛው ወር ማስላት ትጀምራለች።

ቤቱን ልታይ ስትመጣ ሁለታችሁም ተገኙ። ምን ሰዓት ትተኛለች፣ ቅዳሜና እሁድን የት ታሳልፋለች፣ ከክፍለ ሀገር ዘመድ ቢመጣ ስንት ቀን ይቀመጣል፣ ከዚህ በፊት ከማን ጋር ኖራ ለምን ወጣች፣ ደመወዟ በወሩ ስንት ቀን ይገባል ብላችሁ ጠይቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ማን ይሞላል የሚለው ተራ ይመስላል፤ ብዙ ቤት የፈረሰበት ግን እሱ ነው። የትውልድ ቦታ፣ ብሔር፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት አይጠየቅም። የደም ምርመራ ወረቀት አምጪ የሚሉ ደባሎች አሉ፤ በጋራ ማድቤት የማይተላለፍ ቫይረስን ፈርቶ የሰው ምስጢር መጠየቅ ነው። ማንነቷን ለማረጋገጥ የፋይዳ መታወቂያ ይበቃል፤ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታና ፎቶ አለው፣ ብሔር አይጠይቅም። ከሥራ ቦታዋ አንድ ስልክ፣ ከቀድሞ ደባል አንድ ስልክ ተቀብላችሁ ሁለቱንም ደውሉ።

ከመግባቷ በፊት ከአከራዩ ጋር ያላችሁን ውል አውጥታችሁ አንብቡ። ብዙ ውሎች «ያለ አከራይ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማከራየትም ሆነ ማስገባት አይቻልም» የሚል መስመር አላቸው። ካለ አከራዩ አዲሷን በፊርማቸው ይቀበሏት፣ የወጣችው ስሟ ይሰረዝ፣ ለውጡም ውሉ በተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ይታወቅ። የወጣችው ስም ካልተሰረዘ ሐዋሳም ሆነ ጅማ ሆና በቁጥር 1896 ተጠያቂነቷ ይቀጥላል፤ ይህን የሚነግራት ሰው ብዙ ጊዜ አይኖርም።

ከዚያ በመካከላችሁ አንድ ገጽ ውል ጻፉ። የእያንዳንዷ ድርሻና የመክፈያ ቀን፣ ቅድመ ክፍያው ስንት እንደሆነ (በአዋጁ ጣሪያ 48,000፤ በድርሻ ሲከፈል 15,000፣ 15,000 እና 18,000)፣ አዲስ የምትገባዋ ድርሻውን ለምትወጣዋ በባንክ እንደምታስተላልፍ፣ የመብራት ካርዱን ማን በየትኛው ቀን እንደሚሞላ፣ የእንግዳ ደንቡ፣ የጾም ዕቃው፣ መውጣት የምትፈልግ የ30 ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ እንደምትሰጥ፣ ምትክ እስኪገኝ ድርሻዋን ስንት ወር እንደምትከፍል ይግባበት። «ከአከራዩ ፊት በአንድነት ብንጠየቅም በመካከላችን እያንዳንዷ ለድርሻዋ ብቻ ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቅር። ሦስታችሁም ፈርሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል የሚለው እንዲህ ያለውን ነውና።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የመምረጥ ነፃነታችሁ የሚያበቃው ቁልፍ ስትሰጧት ነው። ከሁለት ወር በኋላ የት አገር ሰው እንደሆነች ሰምታችሁ፣ ወይም ሻርፕ አድርጋ ስትወጣ አይታችሁ፣ «ውጪልን» ማለት ደባል መምረጥ አይደለም፤ ውል ማፍረስ ነው። ሻንጣዋን ደረጃ ላይ ማውጣት፣ ጓንጉል መቀየር፣ መብራት መቁረጥ በሕግ ቋንቋ ሁከት ነው፣ የያዘችውን ቤት በሰላም እንዳትይዝ ማወክ ማለት ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ሁከት ይወገድልኝ ብላ በሁለት ዓመት ውስጥ ልትከስ ትችላለች፤ እስካሁን ከነገርኩዎት ሁሉ በእናንተ ላይ በእርግጥ ሊቀርብ የሚችለው ክስ ይኸኛው ነው። መውጣቷን የምትፈልጉት ባለመክፈሏ ወይም የተስማማችሁበትን ደንብ በመጣሷ ከሆነ የጣሰችውን ተራ ቁጥር ጠቅሳችሁ በጽሑፍ አስጠንቅቋት፤ ቴሌግራም ላይ ቢሆንም ቀን ይኑረው። ካልታረመች የ30 ቀኑን ማስታወቂያ ስጧት፤ የቅድመ ክፍያ ድርሻዋንም የምትወጣበት ቀን ላይ በባንክ መልሱላት፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ።